ይግባኝ መብት ነው፤ ፈቃድ ግን ምክንያት ይጠይቃል፦ በፍትሐ ብሔር ጉዳዮች የይግባኝ ማስፈቀጃና የሰበር ማጣሪያ ሥርዓት

መግቢያ

በፍትሐ ብሔር ክርክር የተረታ ወገን ፍርዱን በሰማበት ዕለት በቅድሚያ ወደ አንደበቱ የሚመጣው ቃል «ይግባኝ» ነው። ቃሉ በአገራችን የፍትሕ ታሪክ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ተበደልሁ ያለ ሰው ከአጥቢያው ዳኛ ተነሥቶ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ አቤት የሚልበት ዘመን ነበር፤ በሩ ሁሉ የተዘጋበት ሰው ደግሞ «ይግባኝ ለክርስቶስ» ብሎ ነገሩን ለፈጣሪው ይተወው ነበር። ዛሬ ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት፣ የሚባልበት ጊዜና የሚታይበት መስፈርት በሕግ ተለይቶ ተደንግጓል። ይሁን እንጂ አንድ ባለጉዳይ በመብቱ የሚጠቀምበት ይግባኝ የትኛው ነው፣ አስቀድሞ የፍርድ ቤት ፈቃድ የሚያስፈልገው አቤቱታስ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ለብዙ ተገልጋዮች ግልጽ ሆኖ አይታይም።

ይህ አለመለየት ዋጋ ያስከፍላል። የመኖሪያ ቤት፣ የውርስ ድርሻ፣ የእርሻ መሬት ወይም የንግድ ሥራ ያለበት ክርክር ላይ ጠንካራ ምክንያት የነበረው ሰው፣ አቤቱታውን ዘግይቶ በማቅረቡ ወይም የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን በማስረዳቱ ምክንያት መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ እና በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ፈቃድ የሚጠየቅባቸውን ሁለት ዋና ዋና ሁኔታዎች ያብራራል፤ ከዐዋጁ ወዲህ የመጣው ለውጥ ለተራው ባለጉዳይ ምን ትርጉም እንዳለውም ይመረምራል።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በመርሕ ደረጃ የመጨረሻ ፍርድ የተሰጠበት ተከራካሪ ይግባኝ እንዲል ይፈቅዳል። ይህ የመጀመሪያ ይግባኝ የማንንም ቅድመ ፈቃድ የሚጠይቅ አይደለም። ይግባኝ ባዩ ማመልከቻውን በጊዜው፣ በሕጉ በተመለከተው ቅርጽና የዳኝነት ክፍያውን ፈጽሞ ካቀረበ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የመመርመር ግዴታ አለበት። ፍርድ ቤቱ በፍርዱ ላይ ስህተት ካላየ በሕጉ ቁጥር 337 መሠረት መልስ ሰጭውን ሳይጠራ ይግባኙን ሊሰርዘው ይችላል። ይህ ግን ይግባኙ ታይቶ የተሰጠ ውሳኔ እንጂ የመግቢያ ፈቃድ ክልከላ አይደለም።

በዚህ ረገድ የአገራችን ሥርዓት ከአንዳንድ አገሮች የተለየ ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ለመጀመሪያው ይግባኝም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋል። ይግባኝ ባዩ አቤቱታው የመሳካት ተጨባጭ ተስፋ እንዳለው፣ አለዚያም ይግባኙ እንዲሰማ የሚያስገድድ ሌላ ምክንያት እንዳለ ማሳየት ይኖርበታል፤ ጊዜውም በመደበኛው ሥርዓት 21 ቀናት ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ልማድ ይዘው በአገር ቤት ያለ ክርክራቸውም ፈቃድ የሚጠብቅ ሊመስላቸው ይችላል። በኢትዮጵያ ግን በጊዜው የቀረበ የመጀመሪያ ይግባኝ መብት ነው፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው የይግባኝ ጊዜ ሲያልፍ እና ጉዳዩ ወደ ሰበር ሲሄድ ነው።

ሁለቱም ሁኔታዎች የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አለ። ፈቃድ በሚጠየቅበት ደረጃ ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው «ከሁለቱ ተከራካሪዎች እውነቱ የማን ነው?» የሚለውን አይደለም። የይግባኝ ጊዜ ላለፈበት ሰው ጥያቄው «ለምን ዘገየህ?» የሚል ነው፤ ለሰበር አመልካች ደግሞ «የፈጸሙት ስህተት የሕግ ስህተት ነው ወይ? መሠረታዊስ ነው ወይ?» የሚል ነው። አቤቱታቸውን ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በሚሆን መንገድ ያላዘጋጁ ወገኖች በፍሬ ነገሩ ላይ የቱንም ያህል እውነት ቢኖራቸው ፈቃዱን ለማግኘት ይቸገራሉ።

የይግባኝ ጊዜ ሲያልፍ

የይግባኝ ማመልከቻ በመርሕ ደረጃ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 ተደንግጓል። ይህ አጠቃላይ ደንብ ነው፤ ልዩ ሕጎች ሌላ ጊዜ ሊወስኑ ይችላሉ። ለምሳሌ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው በ30 ቀናት ውስጥ ነው። በመሆኑም ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ የጎረቤቱን የቤት ክርክር አብነት አድርጎ 60 ቀናት አሉኝ ብሎ ቢቀመጥ ይግባኙ ያልፍበታል።

የጊዜው አቆጣጠርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሕጉ የሚናገረው በቀን እንጂ በወር አይደለም። በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀናት ስላሏቸው 60 ቀናትን «ሁለት ወር»፣ 90 ቀናትን «ሦስት ወር» ብሎ መቁጠር የተለመደ ነው። ጳጉሜን በመካከል ስትገባ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ሐምሌ 25 ቀን የተሰጠ ውሳኔ ላይ 90 ቀናት ሲቆጠሩ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ጊዜው የሚሞላው ጥቅምት 20 ቀን ነው። በወር የቆጠረ ሰው ግን እስከ ጥቅምት 25 ቀን ጊዜ ያለው ይመስለዋል። አምስት ቀን ደግሞ መዝገብ ለመዘጋት ከበቂ በላይ ነው።

ጊዜው ያለፈበት ወገን መፍትሔ አልባ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 324 እስከ 326 ያሉት ድንጋጌዎች የይግባኝ ማስፈቀጃ አቤቱታ የሚቀርብበትን መንገድ ያመለክታሉ። አመልካቹ ይግባኙን በጊዜው እንዳያቀርብ ያገደው ምክንያት ከተወገደበት ቀን አንሥቶ በ10 ቀናት ውስጥ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት እንደነበረው መግለጽና ይህንኑ በማስረጃ መደገፍም ይጠበቅበታል። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱ በቂ መሆኑን ካመነ ፈቃዱን ይሰጣል።

ሕጉ «በቂ ምክንያት» የሚለውን ሐረግ ዘርዝሮ አልተረጎመውም፤ ምዘናውን ለፍርድ ቤቱ ትቶታል። ከአነጋገሩ መረዳት የሚቻለው ግን ምክንያቱ ይግባኝ ባዩን በእርግጥ ያገደው፣ ከእርሱ ቸልተኝነት የመነጨ ያልሆነ እና ዘግይቶ የቆየበትን ጊዜ በሙሉ የሚያስረዳ መሆን እንዳለበት ነው። ለሁለት ሳምንት ሆስፒታል የተኛ ሰው የሁለት ሳምንቱን መዘግየት በሕክምና ማስረጃ ሊያስረዳ ይችላል፤ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለሦስት ወር የተቀመጠበትን ምክንያት ግን ይኸው ማስረጃ አይሸፍንለትም። በጸጥታ ችግር መንገድ ተዘግቶበት የቆየ ሰውም መንገዱ የተከፈተበትን ቀን ማሳየት አለበት፤ የ10 ቀናቱ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የውሳኔ ግልባጭ ዘግይቶ ደረሰኝ የሚል አመልካችም ግልባጩን የጠየቀበትንና የተቀበለበትን ቀን በጽሑፍ ማስረጃ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ፍርድ በተሰጠ ማግሥት ግልባጭ በጽሑፍ መጠየቅና የጥያቄውን ቅጂ መያዝ ቀላል ተግባር ነው፤ ክርክር ሲነሣ ግን ዋጋው ከፍተኛ ነው።

የወኪልና የጠበቃ ጥፋት

በማስፈቀጃ ድንጋጌዎቹ ውስጥ ብዙ ባለጉዳዮችን የሚያስደነግጠው የቁጥር 326 ንዑስ ቁጥር 2 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ይግባኙ የዘገየው በይግባኝ ባዩ ወኪል፣ ጠበቃ ወይም ሠራተኛ ጥፋት ከሆነ ይህ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። «ጠበቃዬ ቀኑን ረሳው» የሚል አቤቱታ እውነት ቢሆንም እንኳ ፈቃድ አያስገኝም።

ድንጋጌው ከባድ መሆኑ አይካድም። የተወካዩ ጥፋት በወካዩ ላይ መውደቁ በተለይ ሕግ ለማያውቅና ገንዘቡን ከፍሎ በባለሙያ ለተማመነ ሰው የሚያሳዝን ውጤት ሊያስከትል ይችላል። ይሁንና የድንጋጌው ምክንያት የተረታውን ብቻ ሳይሆን የረታውንም ወገን ስንመለከት ይገባናል። ፍርድ ያገኘ ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ውሳኔው የመጨረሻ መሆኑን አምኖ ቤቱን ያድሳል፣ ርስቱን ይካፈላል፣ ዕዳውን ይከፍላል። የባላንጣው ወኪል ስንፍና ይህን ሁሉ ሊያናጋ የሚችል ከሆነ የትኛውም ፍርድ የማይጸና ይሆናል። ሕጉ የስንፍናው ኪሳራ ወኪሉን በመረጠው ሰው ላይ እንዲያርፍ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ወካዩ በበኩሉ ጉዳት ካደረሰበት ወኪል ወይም ጠበቃ ካሣ የመጠየቅ መብቱ አይነካም።

ይህ ነጥብ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አለው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች በአገር ቤት ያለ ንብረታቸውን ክርክር የሚከታተሉት በአብዛኛው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በተረጋገጠ ውክልና ነው። ወንድም፣ እኅት ወይም የቅርብ ዘመድ በውክልና ሲከራከር በመካከል ያለው መተማመን ቀን ከመቁጠር ሊያዘናጋ ይችላል። ፍርዱ ለወኪሉ በችሎት ሲነገር ለወካዩ እንደተነገረ ይቆጠራል፤ ወኪሉ ለወካዩ ሳያሳውቅ ቢቀር «እኔ ውጭ አገር ስለነበርሁ አልሰማሁም» የሚለው ምክንያት በቁጥር 326 ፊት ደካማ ነው። በመሆኑም ውክልና የሰጠ ሰው የመዝገብ ቁጥሩን፣ የቀጠሮውን ቀንና ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን በየጊዜው መጠየቅ አለበት።

ድንጋጌው መንግሥትንም ይመለከታል። ሕጉ ይግባኝ ባዩ ግለሰብ ነው ወይስ መሥሪያ ቤት ብሎ አይለይም። በፍትሐ ብሔር ክርክር የተረታ የመንግሥት ተቋም ጉዳዩ በቢሮዎች መካከል ሲዘዋወር፣ የኃላፊ ፊርማ ሲጠበቅ ወይም የሕግ ክፍሉ ባለሙያ ሲቀየር 60 ቀናት ቢያልፉ የውስጥ አሠራሩን እንደ በቂ ምክንያት ማቅረቡ ከግለሰቡ የተሻለ አቋም አያሰጠውም። የሕዝብን ሀብት የሚከራከሩ የሕግ ክፍሎች የፍርድ ቀን መከታተያ ሥርዓት እንዲኖራቸው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በመሥሪያ ቤት መዘግየት የሚጠፋው የሕዝብ ገንዘብ ነውና።

የሰበር ማጣሪያ፦ «ያስቀርባል» የሚለው ቃል ትርጉም

ሁለተኛው የፈቃድ ሁኔታ የሰበር አቤቱታ ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80(3) መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር የማረም ሥልጣንን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በክልል ጉዳዮች ላይ ደግሞ ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል። በፌዴራል ደረጃ የሰበር አቤቱታ የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ90 ቀናት ውስጥ ይቀርባል። አቤቱታው በቅድሚያ ሦስት ዳኞች በሚሰየሙበት አጣሪ ችሎት ይታያል። ችሎቱ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚያመለክት ነገር ካገኘ «ያስቀርባል» ይላል፤ ተጠሪው መልስ እንዲሰጥ ታዞ ጉዳዩ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች በሚሰየሙበት ሰበር ሰሚ ችሎት ይመረመራል። ካላገኘ «አያስቀርብም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል።

ስለዚህ ሰበር ከይግባኝ በላይ የተቀመጠ ሌላ ይግባኝ አይደለም። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፍሬ ነገርና የማስረጃ ምዘናን ጭምር ሊያርም ይችላል። ሰበር ግን ፍሬ ነገሩ በሥር ፍርድ ቤቶች በተረጋገጠው መሠረት መሆኑን ተቀብሎ በዚያ ላይ ሕጉ በትክክል ተፈጻሚ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል። «ምስክሮቼ ሊታመኑ ሲገባ አልታመኑም» የሚል አቤቱታ የማስረጃ ምዘና ቅሬታ ነው። «ፍርድ ቤቱ ሕጉ በጽሑፍ እንዲደረግ የሚያዘውን ውል በሰው ምስክር ብቻ ተረጋግጧል ብሎ ወሰነ» የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ ነው። ሁለቱ አቤቱታዎች ከአንድ መዝገብ ሊወጡ ይችላሉ፤ በአጣሪው ችሎት ፊት ያላቸው ዕድል ግን እጅግ የተለያየ ነው።

ዐዋጅ ቁጥር 1234/2013 «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» ለሚለው ሐረግ ትርጉም መስጠቱ ለባለጉዳዩም ለባለሙያውም ጠቃሚ እርምጃ ነው። በዐዋጁ መሠረት ፍትሕን በጉልህ የሚያዛቡ ስህተቶች ከተባሉት ውስጥ የሕገ መንግሥቱን ድንጋጌ መጣስ፣ ሕግን አላግባብ መተርጎም ወይም ለጉዳዩ አግባብነት የሌለውን ሕግ መጥቀስ፣ ተገቢውን ጭብጥ አለመያዝ ወይም ከክርክሩ ጋር የማይገናኝ ጭብጥ መያዝ፣ በአፈጻጸም ሂደት ከዋናው ፍርድ ጋር የማይዛመድ ትእዛዝ መስጠት፣ ታይቶ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ውድቅ ማድረግ፣ ያለ ሥልጣን መወሰን እና ከሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ውሳኔ ጋር የሚቃረን ውሳኔ መስጠት ይገኙበታል። አቤቱታ የሚያዘጋጅ ሰው ቅሬታውን ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ማገናኘት ካልቻለ ጉዳዩን ወደ ሰበር ለመውሰድ ከመወሰኑ በፊት ደግሞ ሊያስብበት ይገባል።

በዐዋጅ ቁጥር 454/1997 የተጀመረው የሰበር ውሳኔዎች አስገዳጅነትም በአዲሱ ዐዋጅ ቀጥሏል። ሰበር ሰሚ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ከዚህ የተነሣ የማጣሪያው ጥያቄ የአንድ ባለጉዳይ ብቻ አይሆንም። አጣሪው ችሎት «ያስቀርባል» ባለ ቁጥር በመላ አገሪቱ ለሚነሡ ተመሳሳይ ጉዳዮች መመሪያ የሚሆን ትርጉም ሊሰጥ ይችላል።

ከዐዋጅ 1234/2013 ወዲህ የተለወጠው

ዐዋጁ ከሰበር ትርጉሙ ሌላ ሁለት ለውጦችን አምጥቷል፤ ሁለቱም ፈቃድ የሚጠየቅበትን ደረጃ ይበልጥ ወሳኝ ያደርጉታል።

የመጀመሪያው የገንዘብ ሥልጣን ለውጥ ነው። ቀደም ሲል የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚያየው የገንዘብ ግምታቸው ከ500,000 ብር ያልበለጡ ጉዳዮችን ነበር። አሁን ይህ ጣሪያ ወደ 10,000,000 ብር ከፍ ብሏል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ግምቱ 3,000,000 ብር በሆነ ቤት ላይ የሚነሣ ክርክር ቀድሞ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተጀምሮ በይግባኝ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይጀመራል፤ ይግባኙም ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ካጸናው ጉዳዩ የመጨረሻ ውሳኔ አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰበር ብቻ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን የሻረው ወይም ያሻሻለው ከሆነ ግን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኝ ይቀርባል። ለውጡ ጉዳዮችን በአቅራቢያና በፍጥነት ለመጨረስ ያግዛል። በሌላ በኩል አንድ ቤተሰብ ያለውን ሀብት ሁሉ የሚነካ ክርክር በሁለት ደረጃ ታይቶ ሊያበቃ የሚችል በመሆኑ የመጀመሪያውን ይግባኝ በጥንቃቄ ማዘጋጀት ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ሁለተኛው ለውጥ የክልል ጉዳዮችን ይመለከታል። በክልል ሕግ ላይ ተመሥርተው በክልል ፍርድ ቤቶች የመጨረሻ ውሳኔ ያገኙ ጉዳዮች ወደ ፌዴራል ሰበር እንዲመጡ የሕግ ስህተት መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ ጉዳዩ የሕዝብ ጥቅምን የሚመለከትና አገራዊ ፋይዳ ያለው መሆን ይኖርበታል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ክርክሮች በአብዛኛው የሚታዩት በክልል ሕጎች መሠረት በመሆኑ በመሬት ይዞታው ላይ ለሚከራከር አርሶ አደር የክልሉ ሰበር ችሎት በተግባር የመጨረሻው መድረክ ሊሆን ይችላል። ለውጡ የክልሎችን የዳኝነት ሥልጣን ያከብራል፤ ከሩቅ ክልል እስከ አዲስ አበባ የሚደረገውን አድካሚ ምልልስም ይቀንሳል። ነገር ግን «የክልሉ ሰበር ቢዘጋብኝም አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ብሎ በክልሉ ሰበር ደካማ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ትልቅ ስህተት ይሠራል።

አቤቱታ ፍርድን አያስቆምም

ሌላው በተደጋጋሚ የሚነሣ የተሳሳተ ግንዛቤ «ይግባኝ ብያለሁና ፍርዱ አይፈጸምብኝም» የሚለው ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 332 መሠረት ይግባኝ መቅረቡ ብቻውን የፍርድን አፈጻጸም አያግድም። የማስፈቀጃ አቤቱታም ሆነ የሰበር አቤቱታ እንደዚሁ ነው። አፈጻጸሙ እንዲቆም የሚፈልግ ወገን የእግድ ጥያቄ ለይቶ ማቅረብ አለበት። ፍርዱ ቢፈጸም ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት ማስረዳት፣ ጥያቄውን ሳይዘገይ ማቅረብና እንደ አስፈላጊነቱ ዋስትና መስጠትም ይጠበቅበታል። ቤት እንዲያስረክብ የተፈረደበት ሰው በሰበር አቤቱታው ብቻ ተማምኖ ሲቀመጥ የአፈጻጸም ትእዛዝ ሊደርሰው ይችላል። ቤቱ ለሦስተኛ ወገን ከተላለፈ በኋላ የሚገኝ ድል ደግሞ ሌላ ክርክር የሚወልድ ነው።

ፈቃድ ከመጠየቅ በፊት መታየት ያለባቸው ሌሎች መንገዶች

አንዳንድ ቅሬታዎች ትክክለኛ መንገዳቸው ይግባኝም ሰበርም አይደለም። መጥሪያ ሳይደርሰው በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 መሠረት ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ውሳኔው እንዲነሣለት ሊያመለክት ይችላል። ፍርዱ በሐሰተኛ ሰነድ፣ በሐሰተኛ ምስክርነት ወይም በመደለያ የተገኘ መሆኑን በኋላ የደረሰበት ወገን በቁጥር 6 የተመለከተው ዳግም ዳኝነት ሊከፈትለት ይችላል። ተከራካሪ ሳይሆን መብቱ በፍርዱ የተነካ ሰው፣ ለምሳሌ ባልዋ ብቻ በተከሰሰበት ክርክር የጋራ ቤቷ የተወሰነባት ሚስት፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በቁጥር 358 መሠረት የመቃወም አቤቱታ ማቅረብ ትችላለች። ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት የተወሰነ ከሆነ ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ተዋዋዮቹ ካልተስማሙበት በቀር ይግባኝ አይቀርብም፤ በመሠረታዊ የሕግ ስህተት ላይ የሚቀርብ የሰበር አቤቱታ ግን በስምምነት ካልቀረ በስተቀር የተፈቀደ ነው።

ከሰበር በኋላ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሚደረገው ጉዞም በትክክል መታወቅ አለበት። በዐዋጅ ቁጥር 798/2005 የተቋቋመው ሥርዓት የሕገ መንግሥት ትርጉም ለሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች እንጂ በሰበር ውሳኔ ላይ ለሚቀርብ ተጨማሪ ይግባኝ የተዘጋጀ አይደለም።

የማጣሪያው ሚዛን

የፈቃድና የማጣሪያ ሥርዓት በሁለት አቅጣጫ ይተቻል። በአንድ በኩል ሰበር ከታሰበለት ዓላማ ወጥቶ ሁሉም ባለጉዳይ የሚሞክረው ተጨማሪ ደረጃ ሆኗል፣ ይህም የሕግ ትርጉምን ወጥ የማድረግ ተልእኮውን ያዳክማል የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል ማጣሪያው እየጠበበ በሄደ ቁጥር የሥር ፍርድ ቤት ስህተት ሳይታረም ይቀራል፣ ጉዳቱም በአመዛኙ ጠበቃ ማቆም በማይችሉት ላይ ይወድቃል የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ፍርድ ማለቂያ ከሌለው የረታው ሰው መብት ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ስህተት የሚታረምበት መንገድ ከሌለም የተረታው ሰው በፍርድ ቤት ላይ ያለው እምነት ይናጋል።

ሚዛኑን የሚጠብቀው የመንገዱ መስፋት ወይም መጥበብ ብቻ አይደለም። መስፈርቱ ለባለጉዳዩ አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑም ጭምር ነው። አቤቱታው ውድቅ የሆነበት ሰው ለምን ውድቅ እንደሆነ በአጭሩም ቢሆን በሚገባው ቋንቋ ሲነገረው የውሳኔውን ምክንያት ይረዳል፤ ሳይነገረው ሲቀር ግን ክርክሩን ወደ ሌላ ተቋም ይዞ ይዞራል። በቂ ምክንያት የሚለውን ሐረግ ፍርድ ቤቶች በተመሳሳይ ሁኔታ ላሉ ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ ሲተረጉሙትም ባለጉዳዩ ዕድሉን አስቀድሞ ሊገምት ይችላል።

የአቅም ጉዳይም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 እና በተከታዮቹ መሠረት ክፍያ ሳይፈጽም ዳኝነት እንዲታይለት ሊጠይቅ ይችላል። የፌዴራል ጠበቆች ነፃ የሕግ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ በሕግ ትምህርት ቤቶች ያሉ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አቤቱታ በማዘጋጀት ያግዛሉ። ይህ ድጋፍ ፍርድ በተሰጠ ሳምንት ሲጠየቅ የሚያስገኘው ጥቅም 60ኛው ቀን ሲቃረብ ከሚያስገኘው እጅግ የበለጠ ነው።

ማጠቃለያ

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ በጊዜው የቀረበ የመጀመሪያ ይግባኝ መብት ነው። ጊዜው ላለፈበት ይግባኝና ለሰበር አቤቱታ ግን ሕጉ ፈቃድን ቅድመ ሁኔታ አድርጓል፤ የሁለቱ መስፈርትም የተለያየ ነው። ፍርድ የተሰጠበት ወገን በመጀመሪያ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን መጻፍ፣ ግልባጩን ወዲያው መጠየቅ፣ ለጉዳዩ የተወሰነው ጊዜ 30፣ 60 ወይም 90 ቀናት መሆኑን ማረጋገጥና ቀኑን በቀን ብቻ መቁጠር አለበት። የዘገየ ከሆነ የመዘግየቱን ምክንያት ከነማስረጃው፣ ወደ ሰበር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሕግ ስህተቱን ለይቶና አሳጥሮ ማቅረብ ይኖርበታል። ፍርዱ እንዳይፈጸምበት ከፈለገ እግድ በተለይ ይጠይቅ። በወኪል የሚከራከር ሰው የወኪሉ ጥፋት የራሱ ጥፋት ሆኖ እንደሚቆጠር ተረድቶ ጉዳዩን በቅርብ መከታተል ይገባዋል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ እንጂ በተወሰነ መዝገብ ላይ የሚሰጥ የሕግ ምክር አይደለም። እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ፍሬ ነገርና የራሱ የጊዜ ስሌት ስላለው ባለጉዳዮች ጊዜው ከማለፉ በፊት የሕግ ባለሙያ እንዲያማክሩ ይመከራል።